ትምባሆ ስለ ገባበት ቤትና ስለ ማጠን ልማድ

የኢትዮጵያ ገበሬ ቤት ከጥንት ጀምሮ የጢስ ቤት ነው። በመካከሉ ምድጃ፣ በምድጃው ላይ ሦስት ጉልቻ፣ ከላይ ደግሞ ጢሱ መስኮት ሳይፈልግ ቀስ እያለ የሚወጣበት የሣር ክዳን ያለው፣ ወጋግራውና ማገሩ በብዙ ዓመት ጥቀርሻ ጠቍሮ የሚያብረቀርቅ ጎጆ፣ ለተወለደበትና ላደገበት ሰው የወላጆቹን ማዕድ የሚያሳስብ መዓዛ እንጂ የሚያስነውር ሽታ አልነበረውም፤ እንዲያውም ጢሱ ክዳኑን ከተባይ ስለሚጠብቅለት፣ ከምድጃው በላይ የተሰቀለውንም ዘር ነቀዝ እንዳይነካው ስለሚያደርግለት፣ ባለቤቱ ዐይኑን እያሸም ቢሆን ይታገሠው ነበር። እንግዲህ በጢስ ተሠርቶ በጢስ በሚያረጅ በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ፣ ከአንዲት ቅጠል የሚወጣው ጢስ ብቻ ተለይቶ ርኵስ የተባለበት፣ እመቤቲቱም ማጨሻዋን በፍም ሞልታ ልታሳድደው የተነሣችበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ፣ ማሳደዷስ ምን ያህል እንደ ተሳካላት፣ ነገሩን ከሥሩ ይዞ መመልከት ይገባል።

በአባቶቻችን ዘንድ ጢስ ሁሉ አንድ አልነበረም፤ ለየግብሩ የተለየ ማዕርግ ነበረው። የወተቱ ቅልና የጠላው ጋን በወይራ ይታጠናሉ፤ ወይራ ባልገባበት ዕቃ የተናጠ እርጎ የጠጣ ሰው ልዩነቱን ሳይነገረው ያውቀዋል። ለአራስና ለሙሽራ በየአገሩ እንደ ልማዱ ወይባ ይጤሳል። በሽታ ሲገባ፣ ወይም ክፉ ዐይን ሲፈራ፣ የወገርት ሥር ወይም ቀበርቾ በፍም ላይ ይጣላል፤ የቀበርቾ ጢስ እባብንም ትንኝንም ያርቃል ስለሚባል፣ እስከ ዛሬ ድረስ በየገበያው በእስር በእስር ይሸጣል። እንግዳ ሲመጣና ቡና ሲፈላ ደግሞ ዕጣኑ፣ ከርቤው፣ ሉባንጃውና ብርጉዱ እንደ ባለቤቲቱ አቅምና ምርጫ በየተራ ይወርዳሉ። ስለዚህ የአንድ ቤት ሴት ሞያ የሚታወቀው በወጧና በጠላዋ ብቻ ሳይሆን የትኛውን ጢስ በየትኛው ሰዓት እንደምታስነሣ በማወቋም ጭምር ነበር፤ ይህም ዕውቀት በመጽሐፍ ሳይጻፍ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖረ።

ከነዚህ ሁሉ በላይ የሚቀመጠው ዕጣን ነው። ዛፉ በትግራይ፣ በመተማና በቋራ፣ በቤኒሻንጉልም በረሓማ ተዳፋቶች ላይ ይበቅላል፤ ዝናም በቆመበት ወራት ቅርፊቱ በስለት ይፋቅና ነጭ እንባው ወጥቶ ከደረቀ በኋላ ይለቀማል፤ ቍስሉም ደጋግሞ እየታደሰ እስከ ክረምት መግቢያ ድረስ ይሰጣል። የንግዱ ዕድሜ እጅግ ሩቅ ነው። የግብጽ ንግሥት ሐትሼፕሱት ከዛሬ 3,500 ዓመት ገደማ በፊት ወደ ፑንት አገር መርከብ ልካ ያስመጣችው የዕጣን ዛፍ ከነሥሩ በቅርጫት ተሸክመውት ሲሄዱ፣ በዴር ኤል ባሕሪ መቅደሷ ግድግዳ ላይ ተቀርጾ ይታያል፤ ፑንትም ከቀይ ባሕር ደቡባዊ ዳርቻ የምትገኝ አገር እንደ ነበረች ብዙ ሊቃውንት ያምናሉ። በኦሪት ዘጸአት በ30ኛው ምዕራፍ ለእግዚአብሔር የሚዐጠነው ዕጣን ከነምን ከነምን እንደሚቀመም ከተነገረ በኋላ፣ ያንኑ ቅመም ለራሱ ማሽተቻ ያደረገ ሰው ከወገኑ ተለይቶ እንዲጠፋ ተደንግጓል። የእኛ ቤተ ክርስቲያንም ካህኑ ጽናውን ይዞ መንበሩን ሲዞር የሚወጣውን ጢስ ከምእመናን ጸሎት ጋር እንደሚያርግ መሥዋዕት አድርጋ ስለምታየው፣ በሕዝቡ ልቡና ውስጥ ጢስና ቅድስና የማይለያዩ ሆነው ቈዩ። በእኔ አስተያየት የትምባሆ መጠላት መነሻው ከዚህ ላይ ነው፤ ሰው ከአፉና ከአፍንጫው ጢስ ማውጣቱ ለመሠዊያው የተለየውን ነገር ለሥጋው ደስታ ማዋል ሆኖ ታየ እንጂ፣ ስለ ሳንባ ጤና ያሰበ በዚያ ዘመን አልነበረም።

ትምባሆ የአሜሪካ ተወላጅ ነው። ኮሎምቦስ በ1492 እ.ኤ.አ. ወደዚያ ከደረሰ በኋላ ወደ አውሮፓ ተሻገረ፤ በ17ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይም በኦቶማን ቱርኮች ግዛት ሁሉ ተሠራጭቶ ነበር። ቱርኮች ምጽዋን በ1557 እ.ኤ.አ. ይዘው ስለ ነበረ፣ ወደ አገራችንም በቀይ ባሕር በር በኩል እንደ ገባ ይታመናል። ከገባም በኋላ በቈላውና በወይና ደጋው እየተተከለ፣ በአንዳንዱ አገር ከቅል በተሠራ ጋያ ውሃ እያንቈረቈረ ይጠጣ ጀመር፤ በሌላው አገር ደግሞ ተወቅጦና ተነፍቶ ሱረት ሆኖ በአፍንጫ ይሳብ ነበር። በ1855 እ.ኤ.አ. ሐረርን ያየው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን የከተማይቱን ትምባሆ ጣዕም አመስግኖ ጽፏል፤ ከዚህም ተክሉ በዚያ ዘመን የእንግዳ ዕቃ መሆኑ ቀርቶ የአገር ሰብል እንደ ሆነ እናስተውላለን።

ካህናቱ ግን ችግር ነበረባቸው። ፍትሐ ነገሥት ትምባሆ በዓለም ሳይታወቅ በ13ኛው መቶ ዓመት በግብጻዊው ሊቅ በኢብን አል ዐሳል የተዘጋጀ መጽሐፍ ስለ ሆነ፣ ስለዚህ ቅጠል የሚናገር አንቀጽ ሊገኝበት አይችልም። መጽሐፉ ዝም ባለበት ቦታ ትውፊት ተናገረ፤ ትምባሆ በመናፍቁ በአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ሣር ነው የሚል ቃል በሕዝቡ መካከል ተነዛ። አርዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት በኒቅያ የተወገዘ፣ አንጀቱም ተዘርግፎ እንደ ሞተ የሚተረክለት ሰው ነውና፣ ከእንዲህ ያለ አፈር የበቀለ ቅጠል ሽታ ምን ሊሆን እንደሚችል ምእመናኑ ከዚያ በላይ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም። የአሜሪካ ተክል በአርዮስ መቃብር ላይ ሊበቅል እንደማይችል ዛሬ ማንም ተማሪ ቢያውቅም፣ ትውፊቱ የታሪክን ሥራ ሳይሆን የዳኝነትን ሥራ ሊሠራ የተፈጠረ ስለ ነበር በዚህ ልንነቅፈው አይገባንም።

ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ነገሩን ከትውፊት ወደ ዐዋጅ አሳደጉት። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሃይማኖትን አንድ ለማድረግ የቈረጡት ንጉሥ፣ ትምባሆንም ከሕዝባቸው መካከል ሊያጠፉ ተነሡ፤ በዘመናቸው ወደ ኢትዮጵያ የመጡ የውጭ አገር ሰዎች እንደ ጻፉትም፣ የጠጣው ከንፈሩን፣ ሱረት የሳበው አፍንጫውን እንዲቈረጥ ታውጆ ነበር። ቅጣቱ በበደለው አካል ላይ መውረዱ የዚያን ዘመን ፍርድ ሥርዐት የተከተለ ነው። የቅጠሉን ጢስ ነፋስ ይወስደዋል፤ ሽታው ግን በጋቢው፣ በጠጕሩና በመደቡ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር፣ በእንዲህ ያለ ዐዋጅ ጊዜ ሽታው ራሱ የከሳሽን ሥራ ሳይሠራ አይቀርም። ቤትን ማጠን ከጥንት የነበረ ሲሆን፣ የሠሩትን ለመሸሸግ ሲባል ማጠን ግን፣ በእኔ ግምት፣ ከዚህ ዘመን ወዲህ የበረታ ነገር ነው።

በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባ መቈርቈር፣ የየመንግሥታቱ መልእክተኞች መግባት፣ የነጋዴውም መብዛት ነገሩን ለወጠው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ በወረቀት የተጠቀለለው ሲጋራ ከጨርቁና ከቆርቆሮው ጋር በፉርጎ እየተጫነ መጣ። ጋያው ከባድና ቦታ የሚይዝ፣ ብዙውን ጊዜም በአንድ ማዕዘን የሚቀመጥ ዕቃ ነበር፤ ሲጋራ ግን ጠጪው በሄደበት ሁሉ ይከተለዋል፤ ከእልፍኝ ወደ መኝታ፣ ከመኝታም ወደ ጓዳ ይገባል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የትምባሆ ንግድ በመንግሥት ሞኖፖል ሥር ሆነ፤ ዐፄ ዮሐንስ የከለከሉት ቅጠል ከሥልሳ ዓመት ያህል በኋላ የመንግሥት ግምጃ ቤት ገቢ ለመሆን በቃ። ትምባሆ ሞኖፖል የሚለው ስም እስከ ዛሬ በአዲስ አበባ የሰፈር ስም ሆኖ ሲጠራ ይሰማል፤ ግስላና ኒያላ የሚባሉትንም ሲጋራዎች የማያውቅ የከተማ ሰው አልነበረም።

ሲጋራ የገባበት የከተማ ቤት ግን የገበሬው ጎጆ አልነበረም። የሣሩ ክዳን ጢስን በየስንጥቁ ያስተነፍስ ነበር፤ ቆርቆሮው ግን ጢሱን ቁልቁል መለሰው። ከቆርቆሮው በታች ሙቀቱንና የዝናሙን ጩኸት ለመቀነስ ኮርኒስ ተወጠረ፤ ባለጸጋው በጣውላ፣ መካከለኛው በአቡጀዴ፣ ድኻው በማዳበሪያ ከረጢት። ግድግዳውም በጭቃ ተለስኖ ኖራ ተቀባ፤ ኖራ ያልደረሰው ሰው ደግሞ ያለፈበትን ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ እየለጠፈ አሳመረው። በጋዜጣ በተሸፈነ ቤት ያደገ ልጅ ፊደል ሳይቈጥር የሚያውቀው ርእስ እንደ ነበረው የሚናገሩ ሽማግሌዎች ብዙ ናቸው። አቡጀዴ፣ ኖራና ጋዜጣ፣ ሦስቱም ጢስን መምጠጥ የሚወድዱ ነገሮች ናቸው። ባለቤቱ ሲጋራ ጠጪ በሆነበት ቤት፣ ከሚቀመጥበት ወንበር በላይ ያለው ኮርኒስ መጀመሪያ እንደ ቅቤ ይሆናል፤ ከዚያም ይበስላል፤ በመጨረሻም ወጥ የፈሰሰበት ይመስል ቡናማ ክብ ይሠራል።

እመቤቲቱ በዚህ ላይ የጀመረችው ጦርነት ከእናቷ የተማረችው ነበር። ማለዳ በሩን ከፍታ መደቡን ታራግፋለች፤ ቄጤማ ትጐዘጕዛለች፤ ከቻለች አሪቲና ጠጅ ሣር ትጨምርበታለች፤ ከዚያ ቡናውን ትቈላና ዕጣኑን በፍም ላይ ታወርዳለች። የንስሓ አባት ጠበል ሊረጩ የሚመጡበት ቀን ሲሆን ዕጣኑ ይበዛል። ቤቱም ለጊዜው የታረቀ ይመስላል። ይሁን እንጂ ዕጣኑ በሚበርድበት ማታ፣ ከዕጣኑ ሥር የቀድሞው ሽታ ብቅ ይላል፤ ሁለቱ ተዋሕደው ደግሞ ከመጀመሪያው የከፋ ሦስተኛ ነገር የሚወልዱበት ጊዜ አለ፤ ሰንደል በየሱቁ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ይህ ሦስተኛው ሽታ በብዙ ቤት የታወቀ ሆኗል።

ምክንያቱም ዛሬ በሳይንስ የታወቀ ነው። የትምባሆ ጢስ እንደ ውሃ እንፋሎት ተንኖ የሚጠፋ ሳይሆን እጅግ ደቃቅ የሆኑ የዝፍት ጠብታዎችን የተሸከመ ነው፤ እነዚህም ኒኮቲን ከሚባለው መርዝ ጋር በግድግዳው፣ በጨርቁ፣ በእንጨቱና በአቧራው ላይ ይለጠፋሉ፤ ከተለጠፉበትም ሙቀትና እርጥበት ባገኙ ቍጥር ጥቂት ጥቂት እያሉ ወደ አየሩ ይመለሳሉ። ስለዚህ ሲጋራ የጠጣው ሰው ቤቱን ለቆ ወራት ካለፉ በኋላ፣ በሐምሌና በነሐሴ ርጥበት ግድግዳው ሲርስ ሽታው እንደ ገና ይነሣል። ይህ ተለጥፎ የሚቀረው ክፍል በተለይ መሬት ለመሬት ለሚድኽና እጁን ወደ አፉ ለሚያገባ ሕፃን ጐጂ እንደሚሆን ሐኪሞች በቅርብ ዘመን አጥብቀው ያስጠነቅቃሉ። ዕጣን በዚህ ላይ የሚሠራው ሥራ የለም፤ ዕጣኑም ራሱ ጢስ ነውና በተለጠፈው ላይ ሌላ ልጥፍ ይጨምራል። ለአፍንጫ ደስታ ሰጥቶ ግድግዳውን ግን እንዳለ ይተወዋል።

እንግዲህ አባቶችና እናቶች ሽታን በእውነት የሚያስወግዱበት ዘዴ አልነበራቸውም ወይ? ነበራቸው፤ ስለ ሽታ ብለው ግን አላደረጉትም፤ ስሙም ማጠን አልነበረም። የጭቃ ቤት በየዓመቱ የሚታደስ ቤት ነው። ክረምቱ ወጥቶ ዕንቍጣጣሽና መስቀል ሲቃረቡ፣ ይልቁንም መስቀል የዓመቱ ታላቅ በዓል በሆነበት በጕራጌ አገር፣ ሴቶች ግድግዳውን ፍቀው እንደ ገና ይለስናሉ፤ ወለሉን በእበት ይለቀልቃሉ፤ በቀለም አፈር ያሳምራሉ፤ ያረጀውን ጕዝጓዝ አውጥተው አዲስ ያነጥፋሉ። በከተማውም የጋዜጣው ግድግዳ ተልጦ ይጣልና አዲስ ይለጠፋል፤ አቡጀዴው ወርዶ ይታጠባል፤ ኖራው ፈልቶ ይቀባል። ኖራ በጠባዩ የሚያቃጥልና የሚያነጻ ነገር ስለ ሆነ ጥገኛ ተባይንም ሻጋታንም ይገድላል። ከዚህ ሁሉ ጋር ዓመት ሙሉ የተጠራቀመው ዝፍት ከፍቅፋቂው ጋር በቁና ተሰፍሮ ከቤት ይወጣል። ዕጣኑ የሚጨሰው ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ፣ ለንጹሕ ቤት ጌጥ ሆኖ ነበር። በሥርዐቱ ውስጥ የመጨረሻውን ቦታ የያዘውን ነገር ብቻውን መድኃኒት አድርጎ የወሰደው የኋለኛው ትውልድ ነው።

ለልብሱም እንዶድ ነበረ። የእንዶድ ፍሬ ተወቅጦ በውሃ ሲመታ አረፋ ያወጣል፤ ቅባትንና ዝፍትን ከጥጥ ላይ ያላቅቃል፤ ጋቢና ነጠላ ሳሙና በየሱቁ ሳይገኝ በፊት ነጭ ሆነው የኖሩት በእርሱ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዐድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ፣ ፍሬው የቢልሃርዚያን ተሸካሚ እንደሚያጠፋ ለዓለም ያስታወቀው ከዚህ የአጠባ ልማድ ተነሥቶ ነው። ነገሩ ከትምባሆ የራቀ ቢመስልም፣ ያላዋቂ ልማድ እያልን የምናልፈው የእናቶች ሞያ ምን ያህል ኬሚስትሪ እንደ ያዘ ስለሚያሳይ ሳልጠቅሰው ማለፍ አልወደድሁም። የሎሚና የኮምጣጤም ነገር እንዲሁ ነው፤ ኒኮቲን በጠባዩ ከኖራና ከአመድ ወገን ሆኖ ኮምጣጣ ነገር የሚያሟሟው ስለ ሆነ፣ በኮምጣጤ የራሰ ጨርቅ የሚያነሣውን ያህል ውሃ ብቻውን አያነሣም።

የድንጋይና የሲሚንቶ ቤት ሲመጣ ዓመታዊው እድሳት ቀረ። የብሎኬት ግድግዳ ለመስቀል አይፋቅም፤ ጕዝጓዙ በምንጣፍ፣ መደቡም በሶፋ ተተክቶ፣ ሁለቱም በየዓመቱ ተወስደው የሚጣሉ ዕቃዎች አይደሉም፤ መጋረጃው ከባድ ነው፤ መስኮቱ ብርድ ይገባል ተብሎ ይዘጋል። ከቀድሞው ሥርዐት የተረፈው ማጨሻው ብቻ ሆነ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 1112 በተዘጉ የሕዝብ መገልገያዎችና በሥራ ቦታዎች ውስጥ ማጨስን ስለ ከለከለ፣ ቡና ቤቱና መሥሪያ ቤቱ በሕግ ጥላ ሥር ገብተዋል፤ ጓዳው ግን ለባለቤቱ ኅሊና ተትቷል።

ዛሬ በአዲስ አበባ የሲጋራ ቤት እንዲያድስ የተጠራ አዋቂ ቀለም ቀቢ የሚሠራው ሥራ፣ በዕቃው ቢለይም በሐሳቡ የመስቀሏ ለሳኝ ሥራ ነው። አስቀድሞ መጋረጃውንና ምንጣፉን ያስወጣል፤ ኮርኒሱንና ግድግዳውን በሳሙናና በኮምጣጤ ውሃ ደጋግሞ ያጥባል፤ የተላጠውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ በስቱኮ ይደፍናል፤ ከዚያም በውሃ የሚበጠበጠውን ቀለም ከመቀባቱ በፊት በዘይት ቀለም ያሽገዋል፤ ያለዚያ ቡናማው ክብ በሳምንቱ ነጩን ቀለም ሰርስሮ ይወጣል። የአምፖሉን ቆብና የበሩን ጫፍ እንኳ ሳያጥብ አይሄድም። ይህ ብዙ ቀንና ብዙ ገንዘብ ይፈጃል። ከአከራዮች ወገን ግን ወጪውን የሚሸሹ አሉ፤ አንድ እጅ ቀለም በላዩ አስቀብተው፣ ተከራይ ቤቱን ሊያይ በሚመጣበት ጧት መስኮቱን ከፍተው ዕጣን ያጨሳሉ። ቤት ማሳየቱም በበጋ ይሆናል፤ ተከራዩ የተከራየውን የሚያውቀው ሐምሌ ሲገባ ነው።